በእንግሊዝ የባሕር ኃይል መርከብ መሥሪያዎች የተለማማጆች ትምህርት አጭር ታሪክ

ስለ እንግሊዝ ባሕር ኃይል የተጻፉትን የታሪክ መጻሕፍት የሚመለከት ሰው በብዛት የሚያገኘው የአድሚራሎችን ስም፣ የውጊያዎችን ቀንና የመርከቦችን ብዛት ነው። መርከቦቹን በእጃቸው የሠሩት ሰዎች ሥራውን ከማን እንደ ተማሩ፣ ትምህርቱም ምን እንዳስከፈላቸው እምብዛም አይነገርም። ነገር ግን መርከብ በአዛዡ ጀግንነት ብቻ አይንሳፈፍም። ስሌቱ የተሳሳተ ወይም ሳንቃው በደንብ ያልተገጠመ እንደ ሆነ ጀግናውም ፈሪውም እኩል ይሰጥማሉ።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ የ14 ዓመት ልጅ የጦር መርከብ መሥራትን ከማን፣ በምን ዐይነት ሥርዐት ይማር ነበር? ትምህርቱስ ለልጁም ለመንግሥቱም ምን አስገኘ? የምንመለከታቸው የመንግሥቱን የመርከብ መሥሪያ ግቢዎች ብቻ ነው፤ እነርሱም ፖርትስመዝ፣ ቻተም፣ ዴቨንፖርት፣ ሺርነስ፣ ፔምብሩክ፣ እንዲሁም በለንደን አጠገብ የነበሩት ዴፕትፈርድና ዉሊች ናቸው። የግል ኩባንያዎች የራሳቸው ታሪክ ስላላቸው አልገባንበትም። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. የቀድሞው ሥርዐት

በፖርትስመዝ የመጀመሪያው የመርከብ መጠገኛ ደረቅ ገንዳ የተሠራው በ1495 በንጉሥ ሄንሪ ሰባተኛ ዘመን ነው። የተለማማጅነት ሥርዐት በአገሪቱ ሕግ የጸናው ደግሞ በ1563 በወጣው የእጅ ሠራተኞች አዋጅ ሲሆን፣ አዋጁ የተለማማጅነትን ዘመን ሰባት ዓመት አደረገው። በመርከብ መሥሪያ ግቢዎችም ይኸው ልማድ ለብዙ ዘመን ቆየ።

የእንጨት መርከብ መሥራት ቀላል ሙያ አልነበረም። በቻተም በ1759 ተጀምሮ በ1765 ወደ ውኃ ለወረደው «ቪክትሪ» ለተባለው መርከብ 6,000 ያህል ዛፎች ተቆርጠዋል፤ አብዛኛዎቹም የኦክ ዛፎች ነበሩ። ተለማማጁ ግንዱን አይቶ የትኛው ጎባጣ እንጨት ለመርከቡ ጎድን እንደሚሆን መለየት፣ በመጥረቢያ ማለስለስ፣ በሳንቃዎቹ መካከል ያለውን ስንጥቅ ከአሮጌ ገመድ በተፈታ ቃጫ መድፈንና ዝፍት ማፍሰስ ይማር ነበር። ይህ ሁሉ ዐይን እያየ እጅ የሚለምደው ዕውቀት ነው።

ከዚህ በላይ ያለው ዕውቀት፣ ይኸውም የመርከቡን ቅርጽ መንደፍ፣ ለሁሉ የሚገለጥ አልነበረም። ንድፉ ሰፊ ወለል ባለው ሰገነት ላይ በመርከቡ ሙሉ ልክ ይሣላል፤ ሠራተኞቹም ከዚያ ላይ ልካቸውን ይወስዳሉ። መሥመሮቹ ከምን ስሌት እንደ ተገኙ የሚያውቁት ግን ጥቂት ዋና አናጢዎች ነበሩ፤ ዕውቀቱም ብዙውን ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ የፔት ቤተ ሰብ ነው። ፊኒያስ ፔት በካምብሪጅ ከተማረ በኋላ በ1590 በዴፕትፈርድ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። በ1637 «ሶቨሪን ኦቭ ዘ ሲስ» የተባለውን ታላቅ መርከብ ከልጁ ከፒተር ጋር ሠራ።

የእጅ ልምድ ብቻውን እንደማይበቃ የተረዳ አንድ ታዋቂ ተለማማጅም ነበር፤ እርሱም የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ታላቁ ጴጥሮስ ነው። ጴጥሮስ በ1697 በአምስተርዳም በመርከብ መሥሪያ ውስጥ እንደ አናጢ ሠራ። ነገር ግን የሆላንድ አናጢዎች በልምድ እንጂ በንድፍና በስሌት የማይሠሩ መሆናቸውን ስላየ፣ ንድፉን ለመማር በ1698 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በዴፕትፈርድ ተቀመጠ። ንጉሥ የሆነ ሰው ዕውቀት ወዳለበት አገር ሊሄድ ይችላል፤ የአናጢ ልጅ ግን ይህ ዕድል አልነበረውም።

በዚያን ጊዜ ተለማማጁ ለአንድ አሠሪ በውል ይሰጥ ነበር። መንግሥት ለተለማማጁ የሚከፍለውን ደመወዝ የሚቀበለው አሠሪው ነው። ልጁ ሥራ እየለመደ ሲሄድ ደመወዙ ስለሚጨምር ለአሠሪው ጥሩ ገቢ ሆነለት። ከዚህም የተነሣ የግቢው ሹማምንት እንደ ማዕርጋቸው ብዙ ተለማማጆች ይይዙ ነበር፤ የማስተማሩን ሥራ ግን ለሌላ አናጢ ይተዉት ነበር። እንግዲህ የልጁ ዕድል የሚወሰነው በደረሰበት አሠሪ ቸርነት ነው። ሮበርት ሴፒንግስ በ1782 በፕሊመዝ ተለማማጅ ሲሆን አጎቱ የባሕር ኃይል መኮንን፣ አሠሪው የግቢው ዋና አናጢ ጆን ሄንስሎ ነበሩ። ሴፒንግስ በ1813 የባሕር ኃይሉ የመርከብ ሥራ ኃላፊ ለመሆን በቃ፤ የመርከብን አካል በሰያፍ ማገሮች ማጠንከርንም አስለመደ። እንደ ሴፒንግስ ዘመድና ጥሩ አሠሪ ያላገኘው ግን ሰባቱን ዓመት ጨርሶ መጥረቢያ ብቻ ይዞ ይወጣ ነበር።

፪. የጥቂቶች ትምህርት ቤት

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ይህን ሥርዐት የሚነቅፉ ሰዎች ተነሡ። ከእነርሱም ዋነኛው በ1796 የባሕር ኃይሉ ሥራዎች ዋና ተቆጣጣሪ ሆኖ የተሾመው ሳሙኤል ቤንታም ነው። ቤንታም ራሱ በወጣትነቱ በመርከብ መሥሪያ ግቢ ተለማማጅ የነበረ ስለሆነ ነገሩን ከውስጥ ያውቀዋል።

በእርሱ ዘመን በፖርትስመዝ የታየው ሥራ የሙያውን ትርጉም አናወጠው። ማርክ ብሩኔል የነደፋቸው፣ ሄንሪ ሞድስሌይ የሠራቸው 45 መሣሪያዎች የመርከብ ገመድ የሚጎተትባቸውን የእንጨት መዘውሮች ማምረት ጀመሩ። ቀድሞ 110 ባለሙያዎች ይሠሩት የነበረውን 10 ሙያ የሌላቸው ሰዎች ሠሩት፤ በ1808ም የዓመቱ ምርት 130,000 መዘውር ደረሰ። የሰባት ዓመት የእጅ ልምድ በአንድ መሣሪያ ሊተካ እንደሚችል ሠራተኛው በዐይኑ አየ። ይሁን እንጂ መሣሪያውን ለመንደፍ፣ ለመትከልና ለመጠገን የሚችል ሌላ ዐይነት ባለሙያ አስፈለገ።

ለዚህ የተሰጠው የመጀመሪያ መልስ በ1811 በፖርትስመዝ የተከፈተው የመርከብ ንድፍ ትምህርት ቤት ነው። አስተማሪው በካምብሪጅ በሒሳብ ፈተና አንደኛ የወጣው ጄምስ ኢንማን ነበር። ተማሪዎቹ «የበላይ ተለማማጆች» ይባሉ ነበር፤ ጊዜያቸውንም በመጽሐፍና በመሥሪያ ቦታ መካከል ይከፍሉ ነበር። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ በ1832 ተዘጋ። በ21 ዓመት ውስጥ ያስተማራቸው 40 ያህል ተማሪዎች ነበሩ።

ለምን ተዘጋ? እኛ እንደምናየው ምክንያቱ ትምህርቱ መጥፎ ስለ ነበረ አይደለም። ተማሪዎቹ ከተራ ተለማማጆች ተለይተው፣ ከላይ ለሹመት የታሰቡ ሆነው ስለ ገቡ፣ በመጥረቢያ ያደጉት የግቢው ሹማምንት እንደ ባዕድ ተመለከቷቸው። ከትምህርታቸውም በኋላ የሚገባቸው ሥራ ብዙ ጊዜ አልተሰጣቸውም። በ1832 የመርከብ ሥራ ኃላፊነት የተሰጠው የመርከብ አናጢነትን ላልተማረው ለባሕር ኃይል መኮንኑ ለዊልያም ሳይመንድስ ነው። የትምህርቱ ፍሬ የታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ በ1860 ወደ ውኃ የወረደውን፣ የመጀመሪያውን የእንግሊዝ የብረት ልብስ የጦር መርከብ «ዋሪየር»ን የነደፈው የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ አይዛክ ዋትስ ነበር።

፫. የ1843 ትምህርት ቤቶች

በ1843 በንግሥት ቪክቶሪያ ምክር ቤት ትእዛዝ በየመርከብ መሥሪያ ግቢው የተለማማጆች ትምህርት ቤት እንዲከፈት ተወሰነ። የዚህ ውሳኔ ክብደት የሚታወቀው ከዘመኑ ጋር ሲመዛዘን ነው። በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ለማስፋፋት ዋናው ሕግ የወጣው በ1870፣ ትምህርቱ ግዴታ የሆነውም በ1880 ነው። እንግዲህ የመርከብ መሥሪያው ተለማማጅ ከሌላው የሠራተኛ ልጅ ቀድሞ በመንግሥት ገንዘብ መማር ጀመረ ማለት ነው።

የዚህ ትምህርት ቤት ዋና ጠባይ ተማሪው ሠራተኛነቱን አለመተዉ ነው። ልጁ ጧት በደወል ግቢ ይገባል፤ ከአሠሪው ጋር ይሠራል፤ ከዚያም የትምህርቱ ተራ ሲደርስ ከሥራው ሰዓት በተከፈለ ጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ደግሞም ከሥራ በኋላ በራሱ ጊዜ በምሽት ይማራል። በመጀመሪያ ለብዙዎቹ ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ ማስተማር ያስፈልግ ነበር። እያደረ ግን አልጄብራ፣ ጂኦሜትሪ፣ መካኒክስና የንድፍ ሥራ ዋናዎቹ ትምህርቶች ሆኑ። ቀን በሰገነቱ ወለል ላይ ያየውን የመርከብ መሥመር ማታ በወረቀት ላይ በስሌት ያገኘዋል፤ ማታ የተማረውን የክብደት ማእከል ሕግ በማግሥቱ ከባድ ግንድ ሲነሣ ያየዋል። ሁለቱ ዕውቀቶች በሁለት ሰዎች መካከል ሳይከፈሉ በአንድ ልጅ ውስጥ ተገናኙ። የ1811ዱ ትምህርት ቤት ሊያደርገው ያልቻለው ይህን ነበር።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ቀኑን ሙሉ በእንጨትና በብረት መካከል የዋለ ልጅ ማታ በመብራት ሒሳብ ሲሠራ ድካሙን መገመት አያዳግትም። የቤት ሥራውም የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የተመረጡት ወደ ከፍተኛ ትምህርት ይላኩ ነበር። መጀመሪያ በ1848 በፖርትስመዝ በጆሴፍ ዉሊ የሚመራ የሒሳብና የመርከብ ሥራ ማዕከላዊ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እርሱም በ1853 ተዘጋ። ሁለተኛው በ1864 በለንደን በሳውዝ ኬንሲንግተን ተቋቋመና በ1873 ወደ ግሪኒች ወደ ንጉሣዊው የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተዛወረ። በእነዚህ ደረጃዎች ከወጡት መካከል ሦስቱን ብንጠቅስ ይበቃል። በሺርነስ ተለማማጅ የነበረው ኤድዋርድ ሪድ በ1863 የባሕር ኃይሉ ዋና የመርከብ ነዳፊ ሆነ። በ1859 በዴቨንፖርት በ14 ዓመቱ የገባው ዊልያም ዋይት ከ1885 እስከ 1902 የመርከብ ሥራ ዲሬክተር ነበር። ከእርሱም በኋላ የተሾመው የፖርትስመዝ ተለማማጅ የነበረው ፊሊፕ ዋትስ በ1906 የዓለምን የባሕር ኃይሎች ሁሉ ያስደነገጠውን «ድሬድኖት» የተባለ መርከብ ነደፈ።

፬. እንጨት በብረት ሲተካ

ተለማማጁ የተማረው ሙያ በሕይወቱ ዘመን ሊለወጥ እንደሚችል ከሁሉ ይበልጥ ያሳየው በቻተም የሆነው ነገር ነው። በ1861 በመንግሥት ግቢ የመጀመሪያው ታላቅ የብረት የጦር መርከብ «አኪሊስ» መሠራት ተጀመረ። የእንጨት አናጢዎች ብረት ስለማያውቁ ከውጭ የብረት ሠራተኞች ተቀጠሩ። በ1862 እነዚህ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ አደረጉ። የግቢው ሹማምንትም አሰናበቷቸውና የመርከብ አናጢዎቹ ራሳቸው የብረት ሥራውን እንዲማሩ አደረጉ። መርከቡ በ1863 መጨረሻ ተንሳፈፈ።

ይህ ነገር ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል አናጢው የመርከብን ቅርጽ ስለሚያውቅ፣ ዕቃው ከእንጨት ወደ ብረት ቢለወጥም ዕውቀቱ አልጠፋም፤ በብዙ የግል መሥሪያዎች የብረቱ ሥራ ለሌላ ሙያ ሲተላለፍ በመንግሥት ግቢዎች ግን በአናጢዎቹ እጅ ቀረ። በሌላው በኩል የአናጢዎቹ አዲስ ትምህርት የተገኘው ሌሎች ሠራተኞች ጥያቄያቸው ሳይመለስ ከተባረሩ በኋላ ነው። ትምህርት የሠራተኛው መድን ሊሆን እንደሚችል ሁሉ የአሠሪው መሣሪያም ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

፭. የ«ካፕቴን» መስጠም

የዚህ ሁሉ ትምህርት ጥቅም ምን ነበር ለሚል ጠያቂ ከሁሉ የከበደው መልስ በ1870 የሆነው ታላቅ ጥፋት ነው። ካውፐር ኮልስ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን የሚዞር የመድፍ ማማ ያለው፣ ጎኑ ወደ ውኃው ዝቅ ያለ፣ ከዚህም ጋር ሙሉ የሸራ ምሰሶ የተተከለለት መርከብ እንዲሠራ ብዙ ተከራከረ። ሪድ ዝቅ ያለ ጎንና ረጅም ምሰሶ አብረው አይሄዱም ብሎ ተቃወመ። ነገር ግን ጋዜጦችና የፓርላማ ሰዎች ኮልስን ስለ ደገፉ መርከቡ በኮልስ ኃላፊነት በበርከንሄድ በግል መሥሪያ ተሠራ። ስሙም «ካፕቴን» ተባለ። ተሠርቶ ሲያልቅ ከታሰበው በላይ ከብዶ ወደ ውኃው ሁለት ጫማ ያህል ጠልቆ ተገኘ።

በ1870 የበጋ ወራት መርከቡ በፖርትስመዝ የማዘንበል ሙከራ ተደረገለት። ስሌቱን ከሠሩት መካከል ፍሬድሪክ ባርንስና ያን ጊዜ የ25 ዓመት ወጣት የነበረው የቀድሞው የዴቨንፖርት ተለማማጅ ዊልያም ዋይት ነበሩ። አንድ መርከብ ወደ ጎን ሲያዘነብል ቀጥ የሚያደርገው ኃይል እስከ አንድ ማዕዘን ድረስ እያደገ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ እየደከመ ሄዶ ይጠፋል። በስሌቱ መሠረት የ«ካፕቴን» ኃይል ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው በ21 ዲግሪ ነው፤ በ54 ዲግሪ ላይ ፈጽሞ ይጠፋል። ሪድ የነደፈው «ሞናርክ» የተባለው መርከብ ግን ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው በ40 ዲግሪ አካባቢ ነበር። ይህ ስሌት ሲያልቅ «ካፕቴን» ባሕር ላይ ነበር።

መስከረም 7 ቀን ሌሊት በስፔን ጠረፍ በፊኒስቴር አጠገብ ማዕበል ተነሣ። «ካፕቴን» ተገልብጦ ሰጠመ። ከ470 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የተረፉት 18 ብቻ ናቸው። ኮልስም ከሙታኑ አንዱ ነበር። የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ሂዩ ቺልደርስ በመርከቡ ስለ ተማመነ ልጁን ከ«ሞናርክ» ወደ «ካፕቴን» አዛውሮት ነበር፤ ልጁም አብሮ ሰጠመ። «ሞናርክ» በዚያው ማዕበል ውስጥ አልፎ በደኅና ተመለሰ። ነገሩን የመረመረው የጦር ፍርድ ቤት መርከቡ የተሠራው ባለሙያዎቹ እየተቃወሙ፣ በፓርላማና በሌላም መንገድ ለተገለጠው የሕዝብ አስተያየት ሲባል መሆኑን መዝግቧል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከአናጢው ልጅ የማታ ሒሳብ ጀምሮ የተገነባው ዕውቀት የሰውን ሕይወት ከሞት ሊለይ የሚችል ነበር። ሁለተኛው፣ ዕውቀት ካልተሰማ ዐዋቂው መኖሩ ብቻ አያድንም። ዋይት በ1871 ስለዚሁ ስሌት ከአንድ ባልደረባው ጋር ለመርከብ ነዳፊዎች ማኅበር ጥናት አቀረበ፤ ከዚያም በኋላ መርከብ ሲነደፍ ይህ ስሌት የግድ የሚሠራ ሆነ።

፮. የመሰላሉ ጥበት

እስካሁን የተናገርነው ወደ ላይ ስለ ወጡት ነው። ሌሎቹስ? ለመግባት የውድድር ፈተና ነበር፤ በመርከብ መሥሪያ ከተሞች ያሉ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ለዚህ ፈተና ያዘጋጁ ነበር። በኋላ ዘመን ልጁ በፈተናው ባገኘው ተራ መሠረት ሙያውን ይመርጥ ነበር፤ ከላይ ያለው የወደደውን ሲወስድ ከታች ያለው የተረፈውን ይቀበላል። ከገቡ በኋላም ትምህርቱ አራት ዓመት ሲሆን፣ በየዓመቱ መጨረሻ በፈተናው የወደቀ ከትምህርት ቤቱ ይሰናበታል። ከሥራው አይባረርም፤ ተለማማጅነቱን ጨርሶ ባለሙያ ይሆናል። ወደ ነዳፊነት የሚወስደው በር ግን በዚያ ቀን ተዘጋበት። አራተኛውን ዓመት የሚጨርሱት ጥቂት ነበሩ፤ ከእነርሱም ወደ ግሪኒች የሚላኩት እጅግ ያነሱ ናቸው። በምንመለከተው ዘመን ሴት ልጅም ለዚህ ፈተና አትታሰብም ነበር።

አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎች ትምህርት ቤቶቹ የተከፈቱት ታዛዥ የሆኑ አለቆችን ለማፍራትና ሠራተኛውን እርስ በርሱ በውድድር ለመለያየት ነው ይላሉ። ለዚህ አሳብ መሠረት የሚሆን ነገር መኖሩን አንክድም፤ የቻተም ነገር ምስክር ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ይህ ብቻ ነው ማለት የሪድንና የዋይትን ዕድል አያስረዳም። በዚያ ዘመን የመኮንንነት ሹመት ለባለጸጋና ለዘመዳም ልጆች በሚሰጥበት አገር፣ የመርከብ ሥራ ከፍተኛው ወንበር በአናጢነት ለጀመረ ልጅ ክፍት መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። እንግዲህ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ በሩ በእርግጥ ተከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎች እንዳይገቡበት ተደርጎ ነው የተከፈተው።

ማጠቃለያ

የመርከብ መሥሪያ ግቢዎቹ ራሳቸው ዛሬ አብዛኛዎቹ ታሪክ ሆነዋል። ዴፕትፈርድና ዉሊች በ1869፣ ፔምብሩክ በ1926፣ ሺርነስ በ1960፣ ቻተም በ1984 ተዘጉ። የተለማማጆቹ ትምህርት ቤቶችም በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ቴክኒክ ኮሌጅነት ከተለወጡ በኋላ ሥራቸው ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ተላለፈ።

ከዚህ ታሪክ ለኛ ለተማሪዎች የሚተርፈው ጥያቄ ግን አልተዘጋም። የ1811ዱ ትምህርት ቤት መጽሐፉን ከመጥረቢያው በላይ አስቀምጦ ወደቀ፤ የቀድሞው ሥርዐት መጥረቢያውን ብቻ ሰጥቶ መጽሐፉን ደበቀ፤ የ1843ቱ ግን ሁለቱን በአንድ ልጅ እጅ አስያዘና በ27 ዓመት ውስጥ የ«ካፕቴን»ን ጉድለት አስቀድሞ ማስላት የሚችል ሰው አፈራ። በዚህ ረገድ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን አንድ ትምህርት ቤት የሚመዘነው በአንደኛነት በወጣው ብቻ ከሆነ ሚዛኑ ጎዶሎ ነው። በሁለተኛው ዓመት ተሰናብቶ ዕድሜውን ሙሉ የ«ሞናርክ»ን ዐይነት መርከብ በእጁ የሠራው ስሙ ያልተጻፈ አናጢም የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። «ሞናርክ» ከማዕበሉ የወጣው በሪድ ስሌት ብቻ ሳይሆን በእርሱም እጅ ሥራ ነው።